በሽቦ ላይ የቀረ ድምፅ፤ ስለ ሙዚቃ ደራሲው ስለ ሐሊም ኤል ዳብ

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መቼና የት እንደ ተጀመረ ለማወቅ መጻሕፍት የሚገልጥ ተማሪ በአብዛኛዎቹ ላይ የሚያገኘው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። ይኸውም በ1948 ዓ.ም. በፓሪስ ራዲዮ ይሠሩ የነበሩት ፒየር ሼፈር የባቡርን፥ የድስትንና የልዩ ልዩ ዕቃን ጩኸት በሸክላ ላይ ቀርጸው፥ ድምፁን እያፈጠኑ፥ እያዘገዩና እየደጋገሙ «የጩኸት ጥናቶች» የተባሉትን ድርሰቶች አዘጋጁ፤ በራዲዮም አሰሙ፤ አዲሱ ሙዚቃም በዚያ ተወለደ የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

እኔም ባለፈው መንፈቀ ዓመት ስለዚሁ ጉዳይ ለክፍል የሚቀርብ ጥናት ስጽፍ ይህንኑ ታሪክ ገልብጬ ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ፥ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ይህን ሳትሰማ አትጨርስ» ብሎ ከስልኩ ላይ አንድ የተቀረጸ ድምፅ አሰማኝ። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። በመጀመሪያ ሳዳምጠው የሰው ድምፅ መሆኑን እንኳ አላወቅሁም፤ ነፋስ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲያፏጭ፥ ከሩቅም ደወል ሲያስተጋባ የምሰማ መሰለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሳዳምጠው ግን ከዚያ ጭጋግ ውስጥ የሴቶች ዝማሬ እንዳለበት ተረዳሁ። ሦስተኛ ጊዜ ከማዳመጤ በፊት ጓደኛዬን ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፥ «ዛር ነው፤ በ1944 ዓ.ም. በካይሮ የተቀረጸ» ብሎ መለሰልኝ። 1944 ማለት ከ1948 አራት ዓመት ይቀድማል። ዛር ማለትም ለእኛ ባዕድ የሆነ ቃል አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥናቴን እንደገና መጻፍ ግድ ሆነብኝ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የድምፁ ባለቤት የሆኑት ደራሲ ማን እንደ ነበሩ፥ ሥራውን በምን መሣሪያና በምን ዘዴ እንደ ሠሩት፥ ይህን ያህል ዘመንም ሳይታወቅ የቈየበትን ምክንያት በአጭሩ ማስረዳት ነው።

የደራሲው ሕይወት

ሐሊም ኤል ዳብ በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ ከቅብጥ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ፒያኖና የዐረብ ከበሮ ተማሩ፤ ነገር ግን ለኑሮ የመረጡት ትምህርት ሙዚቃ አልነበረም፤ በካይሮ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ምሕንድስና አጠኑ። በሥራቸውም ምክንያት በግብፅ መንደሮች እየተዘዋወሩ የገበሬውን ዘፈን፥ የልቅሶውንና የበዓሉን ዜማ በቅርብ ለመስማት ቻሉ። ስለዚህ የሙዚቃ ትምህርት ቤታቸው ገጠሩ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1949 ዓ.ም. በካይሮ ለፒያኖ የደረሱትን አንድ ሥራ በሕዝብ ፊት ተጫወቱ። ሥራው በ1948 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የፍልስጥኤም ጦርነት የተደረሰ ሲሆን ከፍ ያለ ምስጋና አስገኘላቸው፤ በሚቀጥለውም ዓመት በፉልብራይት የትምህርት ዕርዳታ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቻሉ። በዚያም ከኤርንስት ክሬኔክና ከአሮን ኮፕላንድ ዘንድ ተማሩ። በ1958 ዓ.ም. ስመ ጥሩዋ ዳንሰኛ ማርታ ግርሃም «ክሊተምኔስትራ» ለተባለው ትልቅ የዳንስ ትርዒቷ ሙዚቃውን እንዲደርሱላት አድርጋለች። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል ተጋብዘው «ለይላና ባለ ቅኔው» የተባለውን ድርሰት በቴፕ አዘጋጁ፤ ይህም በ1964 ዓ.ም. በሸክላ ታትሞ ወጣ። በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ማታ ማታ ለጎብኚዎች ለሚቀርበው የብርሃንና የድምፅ ትርዒት የተደረሰው ሙዚቃም የእርሳቸው ነው።

ከ1962 እስከ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቀምጠው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮም በኦሃዮ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። በ2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ96 ዓመታቸው በዚያው በኬንት ከተማ ዐረፉ።

እንግዲህ እኒህ ሰው የተደበቁ ሰው አልነበሩም። ትርዒት አቅርበዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምረዋል፤ ሸክላም አሳትመዋል። ተሰውሮ የነበረው የመጀመሪያው ሥራቸው ነው።

ሽቦ ድምፅን እንዴት ይይዛል?

ዛሬ ማንኛውም ሰው ድምፅ ለመቅረጽ ሲፈልግ ስልኩን ይነካና ይጨርሳል። በ1944 ዓ.ም. ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ኤል ዳብ ከካይሮ ራዲዮ ጣቢያ የተዋሱት መሣሪያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መኪና ነበር።

የዚህ መኪና መሠረተ ሐሳብ በ1898 ዓ.ም. በዴንማርካዊው መሐንዲስ በቫልደማር ፖልሰን ተገኘ። ፖልሰን በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ትርዒት ላይ መሣሪያቸውን ባሳዩ ጊዜ የአውስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ተናግረውበት፥ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይሰማል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። የሰው ድምፅ በማይክሮፎን በኩል ሲገባ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ኤሌክትሪኩም በአንዲት ትንሽ ማግኔት ውስጥ እያለፈ የማግኔቷን ኀይል እንደ ድምፁ መጠን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በማግኔቷ ፊት እንደ ስፌት ክር የቀጠነ የብረት ሽቦ ሳያቋርጥ ያልፋል፤ ሽቦውም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያገኘውን የማግኔት ኀይል ይዞ ይቀራል። ሽቦው ተመልሶ በዚያው መንገድ ሲያልፍ ደግሞ የያዘውን ለማግኔቷ ይመልሳል፤ ድምፁም እንደገና ይሰማል።

በዚያ ዘመን በብዛት ይሠራበት የነበረው ሽቦ በሴኮንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመያዝ ከሁለት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሽቦ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሽቦው በተበጠሰ ጊዜ ሁለቱ ጫፎች ይቋጠሩና ሥራው ይቀጥላል፤ አንድ ጊዜ ከተጠላለፈ ግን መፍታቱ የጠላ ነው። ከዚህም በቀር ሽቦው እየዞረ ሲጠቀለል ስለሚጠማዘዝ የተቀረጸበት ወገን ሁልጊዜ ወደ ማግኔቷ አይመለከትም፤ በዚህም ምክንያት ድምፁ አንዳንድ ጊዜ ይደበዝዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮችና ራዲዮ ጣቢያዎች ይጠቀሙበት የነበረው ንግግርን ለመያዝ እንጂ ለሙዚቃ ጥራት አልነበረም። ኤል ዳብ ግን ይህንን መሣሪያ ተሸክመው የዛር ሥርዐት ወደሚደረግበት ስፍራ ሄዱና የሴቶቹን ዝማሬ ቀረጹ።

በድምፁ ላይ የተሠራው ሥራ

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ የመዝጋቢ ሥራ ነው። ደራሲ ያሰኛቸው ከዚህ ቀጥሎ በራዲዮ ጣቢያው ውስጥ ያደረጉት ነው። እርሳቸው ራሳቸው በኋላ ዘመን እንደ ተረኩት፥ በጣቢያው በነበሩት መሣሪያዎች እየተጠቀሙ የሴቶቹን ዋናውን ድምፅ እየቀነሱ፥ ከላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ብቻ እያስቀሩ ሄዱ፤ በመጨረሻም ዝማሬው የማን እንደ ሆነ የማይለይ ሌላ ነገር ሆነ። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ስለ ድምፅ ተፈጥሮ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

የክራር ጅማት ብንመታ አንድ ድምፅ ብቻ የሰማን ይመስለናል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ጅማቱ በሙሉ ርዝመቱ በሴኮንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ እንደ ሆነ፥ በዚያው ቅጽበት በግማሹ 220 ጊዜ፥ በሢሶው 330 ጊዜ፥ በሩቡም 440 ጊዜ፥ እንዲህ እያለ ይርገበገባል። የመጀመሪያውን ዋና ድምፅ ብንለው፥ የቀሩትን ተደራቢ ድምፆች ልንላቸው እንችላለን። ጆሮ ሁሉንም አዋሕዶ አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ዋሽንትና መሲንቆ አንዱን ዜማ በአንድ ከፍታ ሲጫወቱ ይህ ዋሽንት ነው፥ ያ መሲንቆ ነው ብለን የምንለየው በእነዚህ ተደራቢ ድምፆች ብዛትና ብርታት ነው። በገናን ያዳመጠ ሰው ይህን በግልጽ ያውቀዋል። በጅማቱና በመቆሚያው መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለው ቍራጭ ቆዳ ጅማቱን ነዝሮ ነዝሮ እንዲጮኽ የሚያደርገው፥ ተደራቢዎቹን ድምፆች ስለሚያበረታቸው ነው።

ኤል ዳብ ያደረጉት የበገናው ሠሪ ያደረገውን በሌላ መንገድ ነው ለማለት ይቻላል። በገና ሠሪው ተደራቢዎቹን ይጨምራል፤ እርሳቸው ደግሞ ዋናውን ያወጣሉ። ብዙ ሴቶች አንድ ዜማ አብረው ሲሉ ድምፃቸው ፈጽሞ አንድ አይሆንም፤ አንዲቱ በሴኮንድ 440፥ ሁለተኛይቱ 443 ጊዜ ብትርገበገብ፥ በሁለቱ መካከል በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ትርታ ይፈጠራል። ዋናው ድምፅ ሲነሣ ይህ ትርታ ጎልቶ ይወጣል። በቅጂው ውስጥ ነፋስ ወይም ደወል የመሰለኝ እርሱ ኖሯል።

ሁለተኛው ዘዴ ማስተጋባት ነበር። ጣቢያው ግድግዳው ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስ አንድ ክፍል ነበረው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 17 ሜትር ርቆ ከቆመ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ ከሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ይፈጅበታል። ግድግዳው ሲቀርብ ማስተጋባቱ ያጥራል፤ ሲርቅ ይረዝማል። ኤል ዳብ የተቀረጸውን ዝማሬ በዚህ ክፍል ውስጥ እያሰሙ እንደገና ቀረጹት። እንዲህ ተደርጎ የተሠራውና ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ድርሰት «የዛር አገላለጽ» ተብሎ በ1944 ዓ.ም. በካይሮ በአንድ የሥዕል ትርዒት ቦታ ለተመልካቾች ተሰማ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የድምፅ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፥ 110 የሚለው ዋናው ድምፅ ቢወገድና 220፥ 330፥ 440 ብቻ ቢቀሩ፥ ጆሮ የጎደለውን 110 ራሱ አሟልቶ ይሰማዋል። በአየሩ ውስጥ የሌለው በአድማጩ ውስጥ ይገኛል። በሁለተኛው ማዳመጤ ሴቶቹን ያገኘኋቸው ምናልባት በዚህ ዓይነት ይሆናል።

የዛር ነገር

ዛር በአገራችን የታወቀ ነው። ከበሮ እየተመታ፥ እጅ እየተጨበጨበ፥ ዕጣን እየጤሰና ቡና እየተፈላ ዛሩ ይጠራል፤ ዛር የሰፈረበት ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ያጓራል፥ ይንቀጠቀጣል፥ በዛሩም ስም ይናገራል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ዓ.ም. በጎንደር ተቀምጠው ይህንኑ አጥንተው በ1958 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትመውበታል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊም ቃሉን ከጥንቱ የአገው የሰማይ አምላክ ስም ጋር አያይዘውታል። በ19ኛው መቶ ዓመት በባርነት ተሸጠው ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የተወሰዱ ኢትዮጵያውያት ሥርዐቱን ይዘውት እንደ ሄዱ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ። በሱዳን ከዛር መናፍስት ነገዶች መካከል አንደኛው እስከ ዛሬ «ሐበሻ» ይባላል።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ መዝሙር በአራት ድምፅ እየተከፋፈልን በሐርሞኒየም እንዘምር ነበር፤ ዛር ግን የሚጠራው እንዲወጣ ሲጸለይበት ብቻ ነበር። ስለዚህ ይህንን ቅጂ እንደ ሙዚቃ ማዳመጥ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ የልጅነት ፍርሃቴ ከጆሮዬ ቀድሞ ይሰማል። እምነቴን አልለወጥሁም፤ ዛርንም ለማመስገን አልጽፍም። ነገር ግን ባርነት ከአገሯ ያፈለሳት ሴት በሰው አገር ልቧን የምታሳርፍበት ይህ ዜማ ብቻ ሆኖ ከሆነ፥ ዜማውን ሳያዳምጡ መፍረድ ለተማሪ የሚገባ ሆኖ አላገኘሁትም።

ለዕረፍት አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ ቅጂውን ለአያቴ አሰማኋት። በልጅነቷ በጎረቤት የነበረ የዛር ቤት ታስታውሳለች። ዐይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ፥

«ልጄ፥ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እማማ፥ ቃሉ አይሰማም፤ ሰውየው ሆን ብለው አውጥተውታል» አልኋት።

«እንግዲያው ድምፁን ወሰደና ነገሩን ትቶታል» አለች፤ ወደ ቡናዋም ተመለሰች።

ይህ የአያቴ ቃል ካነበብኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ አሳሰበኝ። እውነትም ዛሬ እኛ የምናውቀው የቀረጹትን ሰው ስም ነው፤ የዘመሩትን ሴቶች ስም አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ እኒያ ሰው በዚያ ቀን ሽቦውን ይዘው ባይሄዱ ኖሮ ድምፁም አይኖርም ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ለምን ሳይታወቅ ቀረ?

አንዳንድ ጸሐፊዎች ኤል ዳብ ከሼፈር በአራት ዓመት ስለሚቀድሙ የዚህ ሙዚቃ አባት እርሳቸው ናቸው ይላሉ። እኔ ግን ክርክሩን በዚህ ላይ ማቆም አይበቃም እላለሁ። ጥንቱን እንቈጥር ካልን፥ በ1930 ዓ.ም. በበርሊን ፓውል ሂንደሚትና ኤርንስት ቶህ ለሸክላ ብለው የደረሱት ሙዚቃ አለ፤ በዚያው ዓመት ዋልተር ሩትማን የከተማን ጩኸት በፊልም ድምፅ ላይ ቀርጸው አገጣጥመው በራዲዮ አሰምተዋል፤ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ጆን ኬጅ ፍጥነቱ በሚለዋወጥ የሸክላ ማጫወቻ የሚሠራ ድርሰት አቅርበዋል። ስለዚህ መጀመሪያው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ወደ ኋላ እየሄዱ መጨረሻ ማጣት ነው። የሚሻለው ጥያቄ፥ አንዱ በመጽሐፍ ሁሉ ላይ ሲጻፍ ሌላው ለምን ተረሳ የሚለው ነው።

ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛ፥ ሼፈር በኋላቸው የመንግሥት ራዲዮ ነበራቸው፤ ሥራቸው በአየር ላይ ይሰማ ነበር፤ ረዳቶችና ተማሪዎችም ነበሩዋቸው። ኤል ዳብ ግን የተዋሱትን መኪና መመለስ ነበረባቸው። ሁለተኛ፥ ሼፈር ለአዲሱ ሙዚቃ ስም አውጥተውለታል፤ በ1952 ዓ.ም. መጽሐፍ ጽፈውበታል። ስም ያለው ነገር በመዝገብ ይገባል፤ ስም የሌለው ይታለፋል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ የካይሮው ድርሰት በሸክላ አልታተመም። ከሥራው የተወሰደው የሁለት ደቂቃ ቅንጭብ «የሽቦ መቅረጫ ድርሰት» ተብሎ በሲዲ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይህም ከተቀረጸ ከ56 ዓመት በኋላ ነው። ኤል ዳብን የሚመለከት ሙሉ የሕይወት ታሪክ በዴኒዝ ሲክሪስት ተጽፎ የታተመው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በእነዚያ 56 ዓመታት ውስጥ የሙዚቃ ታሪክ የጻፉት ሊቃውንት ሊያዳምጡት የሚችሉት ነገር አልነበረም። ያልሰሙትን አልጻፉም፤ በዚህም አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የጻፉት ታሪክ የተቀረጹትና የታተሙት ድምፆች ታሪክ እንጂ የድምፆች ሁሉ ታሪክ አለመሆኑን ለአንባቢ አልተናገሩም። እኔ ከዚህ ጥናት ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። የታሪክ መጽሐፍ «በዚህ ቀን ተጀመረ» ሲል፥ ተማሪ «የትኛው ተጠብቆ በመቈየቱ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በአዲስ አበባ

ኤል ዳብ በ1962 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ስማቸው በኒው ዮርክ ታውቆ ነበር። ይሁን እንጂ ለተማሪዎቻቸው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለማስተማር አልቸኰሉም። ይልቁንም በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የሚገኙትን የሙዚቃ መሣሪያዎችና ተጫዋቾች አሰባስበው በ1963 ዓ.ም. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ጓድ አቋቋሙ።

ይህ ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቦታና የራሱ ወግ ነበረው። በገና የጾምና የጸሎት ነው፤ መሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ ዋሽንት የእረኛ ነው፤ እምቢልታና መለከት የቤተ መንግሥትና የሹማምንት ክብር ነው። ከዚህም ሌላ መሣሪያዎቹ የጋራ መቃኛ የላቸውም። ክራር የሚቃኘው እንደ ዘፋኙ ድምፅ ነው፤ እያንዳንዱ እምቢልታም ጥቂት ድምፆች ብቻ ስላሉት ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ካልነፉ ዜማ አይሆንም። እነዚህን በአንድ መድረክ ላይ ማስቀመጥ ማለት ማን ለማን እንደሚቃኝ፥ ማን ማንን እንደሚጠብቅ እንደ አዲስ መስማማት ነው። በካይሮ የሴቶቹን ዝማሬ ሲያዳምጡ የነበሩት ጆሮ፥ እዚህም እያንዳንዱ መሣሪያ በውስጡ ምን እንደ ያዘ ያዳምጥ ነበር ብል ስሕተት አይሆንም።

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ጓዱ አልፈረሰም። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋዬ ለማ መሪነት ሠርቷል፤ ከአባላቱ ጥቂቶቹም በ1969 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተጉዘው ትርዒት አሳይተዋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአብዮቱ በኋላ ጓዱ ተበተነ። ቅጂዎቹ ተሰብስበው በሲዲ የወጡት በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 23ኛ ቍጥር ላይ ነው። እንግዲህ እዚህም ያው ነገር ተደገመ። ድምፁ ተቀርጾ ነበር፤ የአዲሱ ትውልድ ጆሮ እስኪያገኘው ድረስ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ፤ የታተመውም ከአገር ውጭ ነው።

መደምደሚያ

የሐሊም ኤል ዳብን የሁለት ደቂቃ ቅንጭብ ለማዳመጥ ዛሬ ማንም ሰው አይቸገርም፤ በኢንተርኔት ፈልጎ ያገኘዋል። ጸጥ ባለ ቦታ፥ በጆሮ ማዳመጫ፥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዲያዳምጠው አንባቢን እለምናለሁ። ከዚያም «ለይላና ባለ ቅኔው» የተባለውን ቢያስከትል በሽቦ የተጀመረው አስተሳሰብ ከ15 ዓመት በኋላ በቴፕ የት እንደ ደረሰ ይረዳል። በመጨረሻም የኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ቅጂ ቢሰማ ያው ሰው የተከሉት ዛፍ በእኛ መሬት ላይ ምን እንዳፈራ ያያል።

ነገር ግን ማዳመጥ ብቻ አይበቃም። በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ አባቶቻችንና እናቶቻችን የቀረጹባቸው የቴፕ ካሴቶች ተቀምጠዋል፤ የሠርግ ዘፈን፥ የለቅሶ ሙሾ፥ የቀረርቶና የመዝሙር ድምፅ አለባቸው። ሙቀትና እርጥበት በየዓመቱ ይበላቸዋል። ብዙዎቹም በላያቸው ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ይህን የሚያነብ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ አንዱን ካሴት እንኳ አንሥቶ፥ በየት ቦታ፥ በስንት ዓመተ ምሕረት፥ በማን እንደ ተቀረጸ ጠይቆ ቢጽፍበት ትልቅ የምርምር ሥራ ሠራ ማለት ነው። ከሁሉም በፊት ግን የዘፈነችውን ሴት ስምና የተናገረችውን ቃል ይጻፍ። እኔ ይህን ጥናት ከጨረስሁ በኋላ ከአያቴ ቤት ሦስት ካሴቶች አምጥቻለሁ። በአንደኛው ላይ የምታዜመው ማን እንደ ሆነች አያቴ ወዲያው ነገረችኝና በእርሳስ ጻፍሁበት። በሁለቱ ላይ ያሉትን ግን እርሷም አላወቀቻቸውም። ቃላቸው ግን ይሰማል፤ እርሱን በመጻፍ ላይ ነኝ።